የገላነህ ጆሮ

ይታይሽ ከሞጣ ስትደውልልኝ እየጮኸች ነበር የምትናገረው። ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት።

«ገላነህ አረፈ! ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው! ትደርሳለህ?»

ከባሕር ዳር ማልጄ እንደምነሣ ነገርኳት። ከዚያ ድምፅዋ በአንድ ጊዜ ወረደና ሹክሹክታ ሆነ።

«ለቀስተኞቹ ወጣ ብለዋል» አለች። «ስማኝ ወንድሜ፤ አሁን ልትጽፈው ትችላለህ። እሱም ፈቅዷል። ‹እኔ ከተቀበርኩ በኋላ የፈለገውን ይጻፍ፤ ሲያነቡት አልሰማ› ብሎ ነው የሞተው።»

ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ሳቅሁ። እሷም የሳቀች መሰለኝ። ወዲያው ሰው ሳይገባባት አልቀረም፤ መልሳ «እግዜር ያጽናህ!» ብላ ጮኸችና ስልኩን ዘጋችው።

ሞጣ ውስጥ ገላነህን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚታወቀውም ደንቆሮ ሆኖ ሬዲዮ በመጠገኑ ነው። ሰው ከአጎራባች ወረዳ ድረስ ሲሠራ ሊያየው ይመጣ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በፊት ቢቸና ነው ያወቅሁት። በዚያን ጊዜ በአውራጃው ውስጥ ከእሱ የተሻለ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነበር።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። ቢቸና ላይ አዲስ የአውራጃ ፍርድ ቤት ተሠርቶ ሊመረቅ ስለነበር ዝግጅቱን እንድከታተል ቀደም ብዬ ተላክሁ። ማዘጋጃ ቤቱም የከተማው መብራት ጀነሬተር ሠራተኛ ቤት አሳረፈኝ። የጀነሬተሩ ሠራተኛ ገላነህ ነበር። ገና እቃዬን ሳላወርድ «መኪናው የግራ የኋላ ጎማው ላልቷል፤ ሲመጣ ሰምቼዋለሁ» አለኝ። ሾፌሩ ወርዶ አየው። ላልቷል።

ትሑት ሰው አልነበረም። ቁንጫ ስትዘል በየትኛው እግሯ እንደተነሣች እሰማለሁ ይል ነበር። ሲያዳምጥ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አፉንም በጥቂቱ ይከፍታል። ሚስቱ ይታይሽ እንዲያ ሲሆን ካየችው «ዝም በሉ፣ ጆሮው ጸሎት ላይ ነው» ትላለች። በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ዜማ ይማር ነበር። ከዚያ የተባረረው በማኅሌት መካከል መሪጌታውን «ድምፅዎ ወርዷል» ብሎ ስላረማቸው ነው።

«እውነት ወርዶ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ወርዶ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ባያውቁማ ለምን ያባርሩኛል?»

ለምረቃው ድምፅ ማጉያ ያስፈልግ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ማይክሮፎንና አምፕሊፋየር አለው፤ የድምፅ ማውጫው ግን ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ተጨፍልቋል። ገላነህ እኔ እሠራዋለሁ አለ። ከዋንዛ ጣውላ ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ሠራ። ከተበላሹ ሬዲዮኖችና አንድ ሲኒማ ቤት ከጣለው ዕቃ የሰበሰባቸውን ሦስት ስፒከሮች ገጠመበት። ትልቁን ወፍራሙ፣ ቀጣዩን መካከለኛው፣ ትንሿን ቀጭኗ ይላቸው ነበር። ከሣጥኑ ጀርባ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎችና ኮንደንሰሮች የተደረደሩበት ጣውላ አለ። እሱን ደግሞ ገላጋይ ብሎታል።

«ድምፅ ሲመጣ ሦስቱም ይሻማሉ» ብሎ አስረዳኝ። «ወፍራሙ የቀጭኗን ድርሻ ከወሰደ አይችልበትም፤ ይንተባተባል። ቀጭኗም የወፍራሙን ከቀመሰች ትቃጠላለች። ገላጋዩ መሀል ይገባና ‹ከበሮው ላንተ፣ ጸናጽሉ ላንቺ› እያለ ያካፍላቸዋል።»

«ከተካፈሉ ታዲያ ምን ቀረ?»

«ማስተካከል ነዋ! ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። በእኩል ጉልበት ብትነዳቸው ከወፍራሙ ይልቅ እሷ ናት የምትጮኸው።»

ለዚህም ልጓም ብሎ የሰየመው ነገር ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ በሸክላ ቁራጭ ላይ ጠምጥሞ፣ በላዩ የሚንሸራተት መቆንጠጫ አድርጎበታል። መቆንጠጫው ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀጭኗ ዝግ ትላለች፤ ወደ ግራ ሲሄድ ትጮኻለች። ብቻውን ቢተዉት በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር። ግን በአገሩ ወግ ለሕዝብ የተሠራ ነገር ሽማግሌ ሳያየው አይጸድቅም። ስለዚህ ሽማግሌዎች እንዲሰሙ ተጠሩ፤ ከሁሉ በፊትም ፊታውራሪ ደምለው።

ፊታውራሪ የአውራጃው ዳኛ ናቸው። ጉቦ አይቀበሉም፤ ይህን የሚጠሏቸው ሰዎች ሳይቀሩ መስክረውልኛል። የገላነህ እናት ባላቸው በሞቱ ጊዜ አንድ ጉልበተኛ እርሻቸውን ይዞባቸው ነበር። ሰውዬው የፊታውራሪ የቅርብ ዘመድ ነው። ፊታውራሪ ግን ለመበለቲቱ ፈረዱ። ገላነህ ስማቸው ሲጠራ ይነሣል፤ እሳቸው በሌሉበት ቤትም ቢሆን።

ለምረቃው ከጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡት ከፍተኛ ባለሥልጣን በአዲሱ ፍርድ ቤት የሚሠሩትን ዳኞችም ያጸድቃሉ፣ የደከሙትንም ያሰናብታሉ እየተባለ ይወራ ነበር። የፊታውራሪ ዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል።

የሙከራው ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ በፍርድ ቤቱ ፊት ባለው ሜዳ እንደየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ፊታውራሪ ከፊት መሀል ላይ፣ አጎዛ በለበሰው ባለመደገፊያ ወንበራቸው ተሰየሙ። የችሎቱ አስተናባሪ ባሻ ጥሩነህ ማይክሮፎኑን ይዞ «ችሎት!» አለ። የባሻ ድምፅ ያለ ማይክሮፎንም ከገበያው ይደርስ ነበር። በወፍራሙ በኩል ሲመጣ ሜዳው ተንቀጠቀጠ።

«ይበል!» አሉ ፊታውራሪ።

«ይበል!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ቀጥሎ የይታይሽ ተራ ሆነ። የይታይሽ ድምፅ እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ ገላነህ ለቀጭኗ መሞከሪያ እንድትሆን ለምኗታል። «እንደምን አደራችሁ የቢቸና አባቶች?» አለች። ከሣጥኑ ጥርት ብላ ወጣች። ገላነህ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ መቆንጠጫውን ነካ አደረገና ፊቱ በራ።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ» አሉ ፊታውራሪ።

«ጀምራለች ጌታዬ።»

«ከንፈሯን አያለሁ። ትንሿ ዕቃህ ግን አልነቃችም።»

ገላነህ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እናንተስ አባቶቼ?»

ተያዩ። ከፊታውራሪ አጠገብ የተቀመጡት ቄስ «እኔም እምብዛም አልሰማሁ» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት «እኔ እንኳ ጨርሶ» አሉ። በመጨረሻው መደዳ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ «ኧረ ሰው መኖሩንም አላወቅሁ» አሉ፤ ሰላምታዋን በአፀፋ ሲመልሱላት በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

ገላነህ መቆንጠጫውን ወደ ግራ ገፋ። ይታይሽ ደገመች። ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሽማግሌዎቹም ነቀነቁ። አሁንም ገፋ። በአጥሩ ሥር ተኝተው የነበሩ ውሾች ተነሥተው ሄዱ። የአንዱ ሽማግሌ በቅሎ ገመዷን በጥሳ ወደ ወንዙ ወረደች። ፀሐዩ እያቃጠለ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናነቡ። ቄሱ ጥምጥማቸውን ወደ ታች ሳቡ። የይታይሽ ሰላምታ ጥርስ የሚነቅል ነገር ሆኗል።

«አሁንስ አባቶቼ?»

ሁሉም ወደ ፊታውራሪ አዩ።

«ትንሽ ጨምርላት፤ አታሳፍራት» አሉ ፊታውራሪ በርኅራኄ።

ቄሱ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ጨምቀው «አዎን፣ ትንሽ ይቀራታል» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ የቆመው ባሻ ጥሩነህ በጉሮሮው ብቻ «ምሳ ሰዓት አለፈ'ኮ» ብሎ አጉረመረመ። ፊታውራሪ ሳይዞሩ «ሆድህን ታገሠው ባሻ!» አሉ።

ገላነህ እጁን ከመቆንጠጫው ላይ አነሣ። አንድ ጊዜ ፊታውራሪን፣ አንድ ጊዜ ባሻን አየ። ከዚያ ጀነሬተሩ ሞቋል ብሎ ሙከራውን አቋረጠ። ጀነሬተሩ አልሞቀም ነበር።

ቤት ስንደርስ በሩን ዘጋ።

«ቀጭን ድምፅ ጠፍቶባቸዋል» አለኝ። «ወፍራሙ አልጠፋባቸውም። የሰው ጆሮ ሲያረጅ ከላይ ነው የሚያልቅ።»

«ታዲያ ዳኝነቱን እንዴት ይሠራሉ?»

«በባሻ። ባለጉዳይ የተናገረውን ሁሉ ባሻ ይደግማል። ወጉ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም።»

እኔ የነገሩኝን ሁሉ የማምን ሰው አይደለሁም። በማግሥቱ ችሎት ገብቼ ተቀመጥሁ። አንዲት ሴት ቀጠን ባለ ድምፅ ባላጋራዋን «ይህ እባብ በሬዬን ወሰደ» አለች። ባሻ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ «ይህ እባብ በሬዬን ወሰደ!» አለ። ተከሳሹ «እሷ ናት እባብ» ቢል ባሻ ፊቱን ሳይለውጥ «እሷ ናት እባብ!» አለ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ፊታውራሪም ሁሉንም ሰምተው በሬውን ለሴትዮዋ መለሱ። ፍርዱ የቀና ነበር።

«ይህን ለማን ታስረዳለህ?» አለኝ ገላነህ ስነግረው። «‹ዳኛው አይሰሙም› የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከወጣ የተረታ ሁሉ ‹እኔን አልሰሙኝም› ብሎ ይመጣል። ፊታውራሪ በውርደት ይሰናበታሉ። የእናቴን እርሻ ይዞ የነበረው ሰውዬ ደግሞ በነጋታው ጠዋት ከእርሻዋ ላይ ጥማድ ይዞ ይቆማል።»

«ምን ታደርጋለህ ታዲያ? በዚህ አኳኋን ሣጥኑ ቢቸናን ያደነቁራል።»

«እኔ እያለሁ?» አለና ግራ ዓይኑን ጨፈነ።

መላው ቀላል ነበር። ሌላ ቀጭን ስፒከር አገኘ። በፊታውራሪ ወንበር ሥር፣ ከአጎዛው በታች አሰራት። ሽቦዋን በሜዳው አፈር ውስጥ ቀብሮ እስከ ገላጋዩ ድረስ አመጣው። ለእሷ ልጓም አላደረገላትም፤ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ብቻ እንደ ልቧ ትጮኻለች። የሣጥኑን ቀጭን ደግሞ ለጤነኛ ጆሮ በሚስማማ ልክ ዝቅ አደረጋት። ለፊታውራሪም ቢሆን አልነገራቸውም።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠሩ። ጋቢያቸውን አስቀድመው ተከናንበው መጡ። ይታይሽ «እንደምን አደሩ ፊታውራሪ?» ስትል ፊታውራሪ ከወንበራቸው ከፍ ብለው ተመለሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አሁን ገና ተናገርሽ ልጄ! እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያለሽ!»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ከጋቢያቸው ወጡ። «አሁን ተሰማ» አሉ። ቄሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሣጥኑ ጸደቀ። ገላነህ በዚያ ሰሞን እግሩ መሬት አይነካም ነበር። «ሁለት ዓይነት ጆሮ በአንድ ሜዳ አስታረቅሁ፤ የእኔ ጆሮ ባይሆን ማን ይለየው ነበር?» እያለ እኔንና ይታይሽን አሰለቸን። ስለ ድምፅ ያላሰበው ነገር አልነበረም። ያላሰበው ስለ ወንበር ነው።

ለእንግዳው የተመደበው ወንበር ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ መንገድ ላይ እግሩ ተሰብሮ ደረሰ። ባለሥልጣኑ ከመኪናቸው ወርደው ወደ ሜዳው ሲመጡ የሚቀመጡበት አልነበረም። ፊታውራሪ ምን ያድርጉ? ተነሡ፤ እጅ ነሥተው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁ። ቄሱ ለፊታውራሪ ለቀቁ፤ ቀጣዩ ለቄሱ፤ እንዲህ እያለ መደዳው ሁሉ አንድ አንድ ወንበር ወረደ። የመጨረሻው ሽማግሌ ቆመው ቀሩ።

እኔ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበርኩ። ገላነህ ሲገረጣ አየሁት። ወደ እንግዳው መጠጋት አይቻልም፤ ዘበኞች ከበዋቸዋል። ሽቦዎቹን ደግሞ ሁሉንም በአንድ መጋጠሚያ አስሯቸዋል፤ የወንበሯን ነቅሎ ማውጣት ማለት ድምፁን በሙሉ ማጥፋት ነው። ባለሥልጣን ሊናገሩ ሲሉ ድምፅ ያጠፋ ሰው በዚያ ዘመን የት እንደሚያድር የታወቀ ነው።

መጀመሪያ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች ዘመሩ። እንግዳው ተስፈንጥረው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሽማግሌዎቹ ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ሕዝቡ ተነሣ። እንግዳው ግራና ቀኝ አይተው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሕዝቡም ተቀመጠ። ልጃገረዶቹ ሁለተኛውን ቤት ጀመሩ። እንግዳው ተነሡ፤ ሕዝቡ ተነሣ። ከኋላዬ የነበረ ገበሬ «የዛሬው ጸሎት ስግደት ይበዛዋል» አለ።

የባሰው የመጣው ንግግራቸው ሲደርስ ነው። ማይክሮፎኑ ወደተቀመጡበት ቀረበላቸው። ማይክሮፎን ደግሞ ራሱ ያስገባው ድምፅ ተመልሶ ከፊቱ ሲወጣ ካገኘ ያፏጫል። እንግዳው «የተከበራችሁ» ሲሉ ከሥራቸው ሰማይ የሚቀድ ፉጨት ወጣ። ዘለው ተነሡ፤ ፉጨቱ ቆመ። ተቀመጡ፤ አፏጨ። ሕዝቡ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይቀመጣል። ፊታውራሪ ብቻ ነገሩ ሁሉ ግራ ገብቷቸው፣ እየተነሡም እየተቀመጡም ወደ ባሻ ይመለከቱ ነበር።

አንድ ሻምበል ደርሶ አጎዛውን ገለጠው። ከወንበሩ ሥር ሽቦ አየ።

«ፈንጂ!»

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝረውም። አቧራው ሲሰክን እንግዳው ከመኪናቸው ጀርባ ነበሩ፤ ገላነህ በሁለት ወታደሮች ተይዞ ከሜዳው መሀል ቆሟል። እንግዳው ፈንጂ አለመሆኑ ከተረጋገጠላቸው በኋላ ወጡ።

«ለምንድነው ከእኔ በታች ይህን ያስቀመጠው?» አሉ። «ይናገር!»

ገላነህ ወደ ፊታውራሪ አየ። እውነቱ አጭር ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ፊታውራሪ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቀው ወደ ባሻ ዘንበል ብለዋል። ዳኞቹን የሚያጸድቀው ሰው ከፊታቸው ቆሟል። ሻምበሉ የገላነህን ክንድ ጠመዘዘ።

ገላነህ በድንገት፣ ራሱን እንደማይሰማ ሰው፣ በቀጠነ ድምፅ በሜዳው ሙሉ ጮኸ።

«ጮክ ብላችሁ ተናገሩ! ጆሮዬ አይሰማም!»

«ምን?» አሉ እንግዳው።

«አልሰማም! ደንቆሮ ነኝ! ሳስተካክል የምቀመጥበት ወንበር ያ ነው! ከሥሬ ካልጮኸ አልሰማውም! ሳላነሣት ረሳኋት!»

«ድምፁን እንዲያስተካክል የተደረገው ደንቆሮ ነው?» ብለው እንግዳው ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ሕዝቡ ሳቀ። እኔ የሰማሁት ግን ከኋላዬ የተባለውን ነው።

«ለካ ለዚህ ነው መሪጌታውን ያረመው! አይሰማም ነበራ!»

ይህ ከገላነህም ጆሮ እንደደረሰ አውቃለሁ። የማይደርሰው ነገር አልነበረምና።

ሻምበሉ ግን አላመነም። ከገላነህ ጀርባ ዞሮ የጠመንጃውን ቃታ አንቀጫቀጨ። ገላነህ ፍንክች አላለም። ከዚያ ወደ ጆሮው ተጠጋና በሹክሹክታ እናቱን ሰደበ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ገላነህ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሣጥን እያየ ቆመ። ሻምበሉ «እውነቱን ነው፤ ደንቆሮ ነው» አለ።

«ምን ሆኗል?» አሉ ፊታውራሪ።

«ገላነህ ጆሮው አይሰማም ጌታዬ!» አለ ባሻ ጥሩነህ።

ፊታውራሪ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አደረጉ። «ምስኪን!» አሉ። «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር! ሚስቱ ስትናገር አይሰማትም ነበር፤ እኔ ነኝ ‹ጨምርላት› እያልኩ ያሳየሁት።» ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው እጅ ነሡ። «ክቡርነትዎ፣ አካሉ የጎደለ ሰው አይታሰርም። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።»

እንግዳው የሽማግሌውን ንቃትና ደግነት አደነቁ። ፊታውራሪ በአዲሱ ፍርድ ቤት ወንበራቸው ላይ ጸኑ። እኔ ለጋዜጣው በላክሁት ዜና ስለ ወንበሩ አላነሣሁም፤ የምረቃ ዜና የሚጻፈው ስለ ሕንፃው ነበር። አዘጋጁ በራሱ ቃል «ንግግሩ በከፍተኛ ድምፅ ተሰምቷል» የሚል ጨመረበት። ሐሰት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቢቸና ለገላነህ የሚኖርባት አልሆነችም። በጆሮው የሚኮራ ሰው በጆሮው ተሳቀበት። ከሁሉ የከበደው የፊታውራሪ ደግነት ነበር። በየጠዋቱ ወደ ችሎት ሲሄዱ በደጁ ቆም ይሉና አፋቸውን ከጆሮው ላይ አድርገው «እንደምን አደርህ? ዛሬስ ይሻልሃል?» እያሉ ይጮኹበታል። በጆሮው የሚጨምረው ለጋ ቅቤ ይልኩለታል። ገላነህም «አልሰማሁም ጌታዬ!» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሲጮኽ የሚቀጥነው መልሱ ስለማይሰማቸው እንደገና ይጮኻሉ። ይታይሽ እንደምትለው አንድ ጠዋት ሁለቱ በደጅ ላይ «እህ?» «እህ?» ሲባባሉ ምሳ ደርሷል። ይህን እሷ እንደነገረችኝ አድርጋችሁ ያዙት።

ሞጣ የገቡት ከዚህ ለመሸሽ ነው። ወሬው ግን ቀድሟቸው ገብቶ ጠበቃቸው። ገላነህ በገበያው ዳር የሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። የመጀመሪያው ደንበኛ ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሰይድ ነበሩ፤ ሬዲዮናቸውን ይዘው መጥተው «ጣቢያ አይዝም!» ብለው ሲጮኹበት የሬዲዮው ሕመም ለገበያተኛው ሁሉ ታወቀ። ገላነህ መዳፉን በሬዲዮው ላይ አድርጎ በጣቱ የሚያዳምጥ መሰለ። እንደተሠራ አቶ ሰይድ ለመላው ሞጣ «በእጁ ይሰማል» ብለው አወሩ። ሥራው ከዚያ ወዲያ አልጎደለም።

ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እጎበኘው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረስቼ በተራ ድምፅ ሰላም አልሁት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት «ጮክ በል እንጂ፣ አይሰማም» ብለው ገሠጹኝ። ጮኽሁ። ገላነህ «እህ?» አለና ግራ ዓይኑን ለአንድ አፍታ ጨፈነልኝ።

ቤታቸው ስንገባ ሌላ ዓለም ነው። በመስኮት ሰው እንዳይሰማ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ብቻ ነበር። እኔም ስሄድ ሹክ እላለሁ። ይታይሽ ደጅ ስትወጣ ደግሞ ወጉ ስለሆነ ትጮኽበታለች፤ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ።

«አንተ ሰው! ወጡ ሳይቀዘቅዝ ግባና ብላ!»

«እህ?»

«እንጀራ ቀርቧል! ደግሞ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስኸው!»

ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ገላነህ ቤት ገብቶ «ሸሚዙን እንኳ ሹክ ልትይኝ ትችዪ ነበር» ይላታል። «ደንቆሮ ሹክ አይባልም» ትለዋለች።

ፊታውራሪ በሰላም፣ በወንበራቸው እንዳሉ ዐረፉ። ብዙም ሳይቆይ ለውጡ መጣ፤ መሬትም የሕዝብ ሆነና የድሮው የእርሻ ክርክር ሁሉ ፋይዳ አጣ። የገላነህ እናትም ቀደም ብለው፣ በእርሻቸው ላይ እንዳሉ ሞተዋል። ሞጣ ሄጄ በሩን ዘግተን ስንቀመጥ «በቃ፤ የምትጠብቀው ሰው የለም። አሁን መስማት ትችላለህ» አልሁት።

አስቦበት ነበር።

«ነገ ጠዋት ብሰማ ሰው ምን ይለኛል? ‹የየትኛው ቦታ ጠበል ነው ያዳነህ?› ይለኛል። ምን ልበል? በታቦት ስም ልዋሽ? አንዱን ቦታ ብጠራ ደግሞ የአገሩ ደንቆሮ ሁሉ በእኔ ቃል ተማምኖ ይሄዳል። አልድን ሲል ማን ይጠየቃል?»

«‹ድሮም እሰማ ነበር› በላቸዋ።»

«‹ታዲያ ለምን ዋሸህ?› ሲሉስ? የፊታውራሪን ስም ከመቃብር ላውጣ?» ከዚያ የድሮው ጉራው ብቅ አለ። «ደግሞስ፣ ይህ ሁሉ ዘመን ሲጮሁብኝ የኖሩበት ጆሮ ነው። ሌላ ጆሮ ቢሆን እውነትም በደነቆረ ነበር። ያንተ ቢሆን አንድ ክረምት አይችልም።»

ስለዚህ እስከ መጨረሻው ደንቆሮ ሆኖ ኖረ።

ቀብሩ ላይ ደርሻለሁ። ሞጣ ግልብጥ ብላ ወጥታለች። አልቃሾቹ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ ከወትሮው የጠነከረ ድምፅ ያወጡ ነበር፤ አንዷ ከሬሳ ሳጥኑ ድረስ ቀርባ ጮኸች። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የአቶ ሰይድ ልጅ ነው። ፊቱን ከሕዝቡ ወደ ሳጥኑ አዙሮ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ «ምንም እንኳ ጆሯቸው ባይሰማም» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው። ይታይሽን አየኋት። ራሷን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላረጋገጥሁም።

ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ቆዩ አለቻቸው። ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ጣውላው አስጠጋችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ያለችውን ግን አልሰማሁም። ሹክሹክታ ነበር።

ከኋላችን የቆሙ አሮጊት አላስቻላቸውም።

«ይታይሽ፣ ልጄ፣ ምነው ጮክ ብትዪለት! መች ይሰማሻል!»

ይታይሽ ቀና አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሰምቷል» አለች።